ሰው የማይሸከም ግድግዳ

ግድግዳ ማለት ሰው ሲደክመው የሚደገፈው፣ ሲከፋው ፊቱን የሚያዞርበት፣ ሲናደድ ደግሞ በጡጫ መትቶት «ወይኔ እጄን!» የሚልበት ነገር ነው ብዬ አምን ነበር። ቤይሩት፣ ቡርጅ ኤል ባራጅነህ ሰፈር የተከራየነው ክፍል ይህን እምነቴን አፈራረሰው። የቤቱ ባለቤት አንዱን ክፍል ቆርሶ ለሁለት ተከራይ ሊያከራይ ሲነሳ መሃሉ ላይ ጂብሰም አቆመ። ጂብሰም ምን እንደሆነ ላላየ ሰው ልንገረው፤ በሁለት ወረቀት መሃል የተጠቀጠቀ ኖራ ነው። በቀጫጭን ብረት ላይ ይለጠፋል፣ ነጭ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ ደረቱን ነፍቶ «ግድግዳ ነኝ» ይላል። እኔ ራሴ ወሬ ስጨምር ልክ የለኝም፤ እንደዚህ ያለ ዓይኑን ያፈጠጠ ውሸታም ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። በወዲያ በኩል ያለው ጎረቤት ሲያስነጥስ «አላህ ይማርህ» የምንለው እኛ ነበርን። እኛ ሽንኩርት ስንከትፍ የምታለቅሰው ደግሞ ሚስቱ ናት።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ነበርን። ሦስታችንም ከአሠሪዎቻችን ቤት ወጥተን በየቀኑ የሰው ቤት እያጸዳን የምናድር። አንዷ የጅማ ልጅ ናት፤ ጨዋ፣ ሥርዓተኛ፣ የኔን ቀልድ ሰምታ ስቃ የማታውቅ። ቀልዴን ስጨርስ «ከዚያስ?» ትለኛለች። ሁለተኛዋ እንደኔው የወሎ ልጅ ናት፤ ካገር ስንወጣ የማንተዋወቅ፣ ቤይሩት ላይ ግን ከአንድ እናት የተወለድን ያህል የተጣበቅን። የዚህ ሁሉ ነገር መነሻ እሷ ናት፤ ይልቁንም ዳሌዋ ነው።

ጓደኛዬ አንድ ቤት መጋረጃ ልታወርድ መሰላል ላይ ወጥታ ወደቀች። ማዳሟ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ታክሲ ጠርታ፣ ጫማዋን በፌስታል አድርጋ አስይዛት፣ «ሰላምቲክ ሐቢብቲ» ብላ ሸኘቻት። «ይማርሽ የኔ ውድ» ማለቷ ነው። መጋረጃው ግን እንዳይቆሽሽ ከሥሯ ጎትታ ያወጣችው ከመውደቋ በፊት ይሁን በኋላ እስካሁን አጣርቼ አልጨረስኩም። በነጻ የሚያዩ ሐኪም ዘንድ ይዘናት ሄድን። ዳሌዋ ተሰንጥቋል፤ መቆረጥ መቀጠል አያስፈልገውም፤ ለጥቂት ጊዜ ትተኛ፣ ከዚያ ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተነሳች ትቁም፤ ካልቆመች መቆም ራሱ ይቀርባታል አለን።

ሐኪሙ አፉ ላይ ቀላል ሆነለት። እኔና ጅማዋ ጎህ ሲቀድ ወጥተን የምንመለሰው ለዓይን ሲይዝ ነው። ጓደኛዬ አልጋው ጫፍ ላይ መቀመጥ ትችላለች። ክራንችም ለምነን አምጥተንላታል፤ አንዴ ከቆመች ሽንት ቤቱ እዚያው ጥጉ ላይ ነው። ችግሩ ከመቀመጥ ወደ መቆም ያለችው ያቺ ትንሽ መንገድ ነች። የሚጎትታት ሰው ወይም የምትጎትተው ነገር ትፈልጋለች። ሁለቱም የለም። ምን እንዳደረገች ያወቅኩት አንድ ቀን ከንፈሯ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ ሳይ ነው።

«አንቺ፣ ውሃ አትጠጪም እንዴ?»

«እጠጣለሁ።»

«ትናንት የሞላሁት ጠርሙስ እንደሞላ ነው።»

«ማታ እናንተ ስትመጡ እጠጣለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ቀን ለምን አትጠጪም?»

ፊቷን ወደ ጂብሰሙ አዞረች። «ቀን ብጠጣ ማን ያነሳኛል? ሽንቴ ሲመጣ ግድግዳውን ልጥራው?»

እኔ በሕይወቴ ብዙ ነገር ሰምቼ ስቄ አልፌያለሁ። ይሄን ግን አልቻልኩም። ሰው በጠፍ መሬት ሳይሆን ቧንቧ ራስጌው ባለበት ቤት፣ ሽንት ቤት ሄዶ በሩን ዘግቶ መቀመጥ አቅቶት በጥም ይደርቃል? «ወላሂ ግድግዳውን ትጠሪዋለሽ፤ ያነሳሻልም!» አልኳት። ጅማዋ ቀና ብላ አየችኝና «ከዚያስ?» አለች።

አላህ ሲረዳ በዚያው ሰሞን ሐዝሚዬ የሚባል ሰፈር የማጸዳበት ቤት ውስጥ የሚስተሩ አሮጊት እናት ሞተው መታጠቢያ ቤታቸው ሊታደስ ፈርሷል። እሳቸው እየያዙ የሚነሱበት ወፍራም የብረት መያዣ ከነብሎኑ ቆሻሻ ውስጥ ተጥሎ አየሁት።

«ማዳም፣ ይሄን ልውሰደው?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ፎጣ እሰቅልበታለሁ።» እውነቱን ብነግራት እስከ ቅዳሜ ስትጠይቀኝ ትውላለች።

«ውሰጂው ሐቢብቲ፣ ውሰጂው» አለችኝ፣ ቤቱን በሙሉ የሰጠችኝ ይመስል።

መያዣውን ይዤ ስገባ ጓደኛዬ እንደ ሙሽራ ጥሎሽ አገላብጣ አየችው። አልጋዋን ወደ ሲሚንቶው ግድግዳ ለምን አላዞራችሁትም የሚል ካለ፣ ያንን ክፍል አላየውም ማለት ነው። ከመጥበቡ የተነሳ አንዳችን ልብስ ስንቀይር ሁለታችን ደረጃ ላይ ወጥተን እንጠብቅ ነበር። በአንድ ወገን በርና መስኮት፣ በአንድ ወገን ምድጃና ዕቃ ማጠቢያ፣ ጥጉ ላይ ሽንት ቤት፤ አልጋ የሚገባው ጂብሰሙን ታክኮ ብቻ ነው። ስለዚህ መያዣው የሚተከለው እዚያው ውሸታሙ ላይ ነው፤ ሌላ ምርጫ የለም።

ከመያዣው ጋር ብሎኖቹና ፊሸር የሚሉት የፕላስቲክ መሰኪያቸው አብረው መጥተዋል። አሮጊቷን ስንት ዘመን የተሸከሙ ናቸው ብዬ ሙሉ እምነት ጣልኩባቸው። መሰርሰሪያ ከየት እናመጣለን ብለን ስንጨነቅ፣ ጅማዋ ለሙከራ ካቻቢቴውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ብታሽከረክረው ዘው ብሎ ገባ። ዘው! ሀብሐብ እንኳን ይህን ያህል አይታዘዝም። ደስ ይበለኝ ወይስ ልናደድ ግራ ገባኝ። ግድግዳ በካቻቢቴ ከተበሳ ሌባ በሩን ለምን ያንኳኳል? በማንኪያ ቆፍሮ አይገባም?

ፊሸሩን ሰካን፣ ብሎኑን አጠበቅን። ሲያዩት ያምራል፤ የሆቴል መታጠቢያ ቤት ይመስላል። ጓደኛዬ እጇን ልትዘረጋ ስትል ጅማዋ «ቆይ፣ መጀመሪያ እኛ እንሞክረው» አለች። እግዜር ይስጣት። እኔ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ኋላ ተለጠጥኩ። መያዣው ከነብሎኑ፣ ከነፊሸሩ፣ ከነነጭ ዱቄቱ እጄ ላይ ቀረና ሳሙና የተነከረ ልብስ ያለበት ሳፋ ውስጥ ቂብ አልኩ። ጓደኛዬ በሳቅ ፈነዳች፤ ወዲያው ደግሞ ዳሌዋን ይዛ «አታስቂኝ፣ ያመኛል፣ አታስቂኝ!» አለች። ያሳቅኋት እኔ ነኝ እንዴ? ግድግዳው ነው።

በኋላ ሲገባኝ ፊሸር የሚይዘው ዙሪያውን ጠንካራ ነገር ሲያጨናንቀው ነው። አሮጊቷን የያዘው ፕላስቲኩ ሳይሆን ሲሚንቶው ኖሯል። ጂብሰም ውስጥ ሲገባ ቅቤ ውስጥ እንደተሰካ ማንኪያ ነው። በዚያ ሰዓት ግን ይሄን ማን ነገረን? እኛ ተሰብስበን የደረስንበት መደምደሚያ ሌላ ነበር።

«ኩላብ!» አልኩ።

«ኩላብ!» አለች ጓደኛዬም፣ ዓይኗ በርቶ። ወሎዎች አይደለን? ባገራችን የጭቃ ቤት ውስጥ ዕቃ መስቀያ እንጨት የሚተከለው ቦታውን በውሃ አርሶ፣ ሹሉን እንጨት አስገብቶ፣ ዙሪያውን ጭቃ በጭድ ጠቅጥቆ ነው። ጭቃው ሲደርቅ እንጨቱን ነክሶ ይይዘዋል፤ ኮርቻም ስቀልበት፣ ጆንያም ስቀልበት፣ አማትህንም ስቀልበት አይነቃነቅም።

ጅማዋ እጇን አጣምራ «ይሄ ጭቃ አይደለም» አለች።

«ምንድነው ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ። ጭቃ ግን አይደለም።»

«ነጭ ጭቃ ነው» አልኳት። «የከተማ ጭቃ።»

«ውሃ አትንኪው።»

«ሁለት ለአንድ ነን፤ ተሸንፈሻል። ያላ፣ ጆጉን አቀብይኝ።»

የተሰበረ የመወልወያ እንጨት ቆራርጬ አሾልኩ። ግድግዳውን እንደ ሕፃን ገላ አርጥቤ፣ አሽቼ፣ እንጨቱን አስገባሁ። በዙሪያውም ከግድግዳው የረገፈውን ዱቄት ለውሼ ለጠፍኩበት። በጣም ቆንጆ ሥራ ነበር። አባቴ ቢያየኝ ይመርቀኝ ነበር። ጠዋት ስንነሳ ግን ግድግዳው እንደ ሰባተኛ ወሯ ነፍሰ ጡር ተነፍቷል። ነካ ሳደርገው ወተት ውስጥ እንደወደቀ ዳቦ ተቦጭቆ ከነኩላቡ ጓደኛዬ ትራስ ላይ ዘጭ አለ። በቀዳዳው አጮልቄ አየሁ። ጭቃ የለ፣ ድንጋይ የለ፣ ብሎኬት የለ፤ ባዶ! ሁለት ወረቀት፣ መሃሉ ነፋስ። ኪራይ የምንከፍልበት ክፍል አንዱ ግድግዳው ነፋስ ነው። ይሄንን ለሰው ስናገር «አታጋኚ» ይሉኛል። እኔ የማጋንንበት ጊዜ አለ፤ ይሄ ግን ከነሱ አንዱ አይደለም።

ጅማዋ «ብያለሁ» አላለችም። «ብያለሁ» ብትል ይሻለኝ ነበር። ትራሱን አንስታ አራገፈች።

እንደ እርግማን በዚያው ቀን ማታ የቤቱ ባለቤት የመብራት ሽቦ አያለሁ ብሎ መጣ። ቀዳዳውን ሲያይ ሚስቱን በጥይት የመታንበት ያህል ጮኸ።

«ሹ ሃይዳ? ይሄ ምንድነው? ግድግዳዬን!»

«ሚስተር፣ አሟታል፤ የምትይዘው ነገር ልንሰቅል ነው።»

«ይሄ ግድግዳ አይሰቀልበትም!»

«ታዲያ ለምንድነው?»

ትንሽ አሰበ። ወላሂ፣ ቆሞ አሰበ። «ለማየት» አለ።

«ለማየት?»

«ያኒ፣ ማለቴ፣ እነሱ እናንተን እንዳያዩ፣ እናንተ እነሱን እንዳታዩ። ኸላስ፣ በቃ! ግድግዳው የኔ ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ከግድግዳው ላይ ከወደቀ ሦስታችሁም ከነዕቃችሁ ትወጣላችሁ።»

እሱ ከሄደ በኋላ ጓደኛዬ የሞላውን የውሃ ጠርሙስ ከአጠገቧ ገፋ አደረገችው። ከዚያ «ተይው በቃ» አለችኝ። «እኔን ብላችሁ መንገድ ላይ እንዳትወድቁ። ማታ ማታ እጠጣለሁ።» የምትናገረው እየሳቀች ነው፤ ግን ስትስቅ ከንፈሯ ይደማል። እንግዲህ የቀረን አንድ ሙከራ ነው። ሦስተኛው ካልያዘ እሷም እንደተኛች ነው፣ እኛም ደጅ ነን።

በማግሥቱ ሐዝሚዬ ሳሎን አቧራ እጠርጋለሁ። ማዳሜ ቴሌቪዥን አላት፤ ቴሌቪዥን ስል የሰፈር ሲኒማ ማለቴ ነው፤ ዜና አንባቢው ሲቀርብ «ቁጭ በሉ» ማለት ይቃጣኛል። ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በየቀኑ ነው የምወለውለው፤ ያን ቀን ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ በጣቴ ግድግዳውን ቆረቆርኩት። ድው፣ ድው። ጎኑን ቆረቆርኩ። ድው! ጂብሰም! ያው የኛው ውሸታም፣ ሽቶ ተቀብቶ!

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ማዳሜ ከኋላዬ።

«አቧራ ነው ማዳም። የገባውን አቧራ እያስወጣሁ።»

በዚያ ቀን ምሳ አልበላሁም፤ ንዴቱ አጠገበኝ። ያው አንድ ዓይነት ነገር፣ ያው ወረቀት፣ ያው ኖራ፣ እዚህ ሲሆን ሲኒማ ቤት ይሸከማል፤ እኛ ዘንድ ሲመጣ አንዲት ከሲታ ሴት አልሸከምም ይላል? ግድግዳም ሰው ያያል? አይ፤ እዚህ ያለውን የሰቀለው ሰው የሚያውቀውና የሚጠቀምበት ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ማታ ስመለስ ሰፈራችን ካለው የብረታ ብረት ሱቅ ገባሁ።

ባለ ሱቁ ከጠረጴዛው ኋላ ከደንበኛ ጋር እያወራ ነው። «እህ፣ ያ ቢንት» አለኝ። ቢንት ማለት ልጅት ማለት ነው። ፀጉሬ ሸብቷል፣ ጉልበቴ ይንቋቋል፣ አገር ቤት ልጅ ድሬ የልጅ ልጅ ልሳም ነው፤ እዚህ ልጅት ነኝ።

«ለጂብሰም ግድግዳ የሚሆን ማሰሪያ እፈልጋለሁ። ከባድ ነገር የሚይዝ።»

«ምን ዓይነት ግድግዳ እንደሆነ ማዳምሽን ጠይቂያት።»

«ጂብሰም ነው አልኩህ። ማዳም የለችበትም። ግድግዳው የኔ ነው።»

ወደ ደንበኛው ዞሮ «ሰማህ? ግድግዳ አላት!» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ያንኑ ፊሸር፣ ያንኑ ከሀዲ ፕላስቲክ፣ አንድ እፍኝ ዘግኖ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ይሄ አይይዝም። ሞክሬዋለሁ።»

«አንቺ ሞከርሽ?» አለ። «ሃ! ማዳምሽ ትደውልልኝ። ከሷ ጋር እንነጋገራለን።»

መንገዱን ሁሉ ብቻዬን እየተሳደብኩ ገባሁ። ነገሩን ስነግራቸው ጅማዋ «ሌላ ሱቅ እንሂድ» አለች። ሌላውም ያው ነው አልኳት። በዚህ መሃል ጓደኛዬ ከተኛችበት በክርኗ ቀና አለች።

«ማዳም ነው የፈለገው?»

«ማዳም ነው የፈለገው።»

«ኸላስ። ማዳም እሰጠዋለሁ።»

ይህቺ ሴት ጠዋት አልጋ ላይ ሆና ስልክ መደወል የምትጀምር፣ ማታ እዚያው ሆና የምትጨርስ አሠሪ ቤት ስንት ዓመት ሠርታለች። ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ስልቹነቱን፣ በአፍንጫ መናገሩን፣ በየመሃሉ የምትረጨውን ፈረንሳይኛ ሁሉ ወስዳዋለች። እኛ አገር ልጆች ሲጫወቱ እረኛ ይሆናሉ፣ ወታደር ይሆናሉ፤ እኛ ደግሞ እሁድ እሁድ ማዳም መምሰል መዝናኛችን ነበር። ከሁላችን የሷ ይበልጣል። «ስልኩን ስትሰጪው አንገትሽን ድፊ» አለችኝ። «አደራ እንዳትስቂ።»

በማግሥቱ ሱቁ ውስጥ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ። «ማዳሜ ናት» ብዬ አቀበልኩት፤ አንገቴንም ደፋሁ። ድምጿ ከስልኩ አልፎ ሱቁን ሞላው።

«ቦንዡር ሙሴ! ይቅርታ፣ መርሲ፣ ይቺን ልጅ ልኬብህ ነበር። ያው ታውቃቸዋለህ፣ ምንም ነገር አይገባትም።»

«ምንም ማዳም፣ ምንም! ትናንትም መጥታ ነበር፤ ግድግዳው የኔ ነው ስትለኝ ነበር!»

«ኦላላ! እንዲህ አለችህ? ምን ላድርጋት? ጭንቅላቷ እንጨት ነው። ምግብ ላይ ግን አትቻልም።»

ባለ ሱቁ በሳቅ ተንፈራፈረ። እኔ እዚያው ቆሜ ጥርሴን ነክሼ! እንጨት አለችኝ! ምግብ ላይ አለችኝ! የምትለውን ነገር አዘጋጅተን ነበር፤ ይሄ ግን ውስጡ አልነበረም። ከራሷ ነው የጨመረችው። ቤት ስገባ ሁለተኛውን ዳሌዋን እንደምሰብርላት ለራሴ ማልኩ።

«ሐድርቲክ እንዲሰቀል የፈለጉት ምንድነው?» አላት። ሐድርቲክ ማለት «እርስዎ» ነው። ለኔ ቢንት ያለው ምላስ ነው ይሄ።

«ቴሌቪዥን። ትልቅ። ሰው ያህል ይከብዳል። ደግሞ ልጆቼ ጋኔን ናቸው፤ ይንጠለጠሉበታል። ሰው ሙሉ ክብደቱን ቢጥልበት የማይወድቅ ነው የምፈልገው። ገባህ? ሙሉ ክብደቱን።»

ሰውዬው ያን ጊዜ ሌላ ሰው ሆነ። መነጽሩን አደረገ። እኔን በአንድ እፍኝ ያሰናበተበትን ነገር ለሷ እንደ ትምህርት ቤት መምህር ማስረዳት ጀመረ። ጂብሰም ብቻውን ሰው አይሸከምም፤ ከጀርባው ቋሚ ብረቶች አሉ፤ በጣት ሲቆረቆር ድምፁ የሚደፈንበት ቦታ ብረቱ ነው። መጀመሪያ ከአንዱ ብረት እስከ ሌላው የሚደርስ ወፍራም ጣውላ ይታሰር፤ ጣውላው ብረቶቹ ላይ በብረት ብሎን ይያዝ፤ መሃል መሃሉን ደግሞ ክንፍ ባለው ብሎን ይጠበቅ፤ የሚሰቀለው ነገር ጣውላው ላይ ይታሰራል እንጂ ጂብሰሙን አይነካውም። መሰላል ላይ ወጥቶ ከላይኛው መደርደሪያ ሳጥን አወረደ። ክንፍ ያለውን ብሎን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሁለት የብረት ክንፍ አለው፤ ታጥፎ በቀዳዳው ይገባል፣ ባዶው ውስጥ ሲደርስ መሃሉ ላይ ባለው ጥቅል ሽቦ፣ ስፕሪንግ በሚሉት፣ ኃይል ይዘረጋል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሲሳብ ግድግዳውን ከጀርባው ያቅፈዋል። ትናንትም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር። እኔ እዚያው ስር ቆሜ!

«ሠራተኛ ልላክልዎ ማዳም? ይገጥምልዎታል።»

ላብ አጠመቀኝ። እሷ ግን ምንም አልመሰላትም። «መርሲ፣ አይ። ባለቤቴ ኢንጂነር ነው፤ ሰው ቤት ውስጥ አይወድም።»

«ቲክረሚ ማዳም! እንደፈለጉ።»

ከተጣለ ቁም ሳጥን የነቀልነውን የመደርደሪያ ጣውላ አምጥቼ ስሰጠው፣ ለኢንጂነሩ ክብር ሲል ቀዳዳዎቹን ራሱ በስቶ አስረከበኝ። «ለማዳምሽ ሰላምታ በይልኝ። ጥሩ ሴት ናት» አለኝ። «ጥሩ ናት» አልኩት፤ «ትንሽ ምላሷ ነው እንጂ።»

እሁድ ከሰዓት ጀመርን። ጓደኛዬን ወንበር ላይ አስቀምጠን አልጋውን ጎተትነው። ጅማዋ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ እኔ በጣቴ ቆረቆርኩ። ድው፣ ድው፣ ድው፣ ጥክ። «እዚህ ጋ» ትላለች፤ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ኩላቡ ያበሰበሰውን ቦታ ጣውላው ሸፈነው፤ ብሎኖቹን ግን ከሱ አርቀን ደረቁ ላይ አደረግን። ክንፋሙን ብሎን አጥፌ ሳስገባው ውስጥ «ጠቅ» ብሎ ተዘረጋ። አንዱን ግን በእርግጥ ተዘረጋ ወይ ብዬ ፈትቼ ላየው ስል፣ ክንፉ ከብሎኑ ወጥቶ ባዶው ውስጥ ወደቀ። ወርዶ ሲንኳኳ ሰማሁት።

«ምን ነበር እሱ?» አለች ጅማዋ።

«ምንም። ግድግዳው ቁርሱን በላ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ወላሂ ሳቀች። ከዚያ ወዲያው ካቻቢቴውን ከእጄ ነጥቃ የቀሩትን ራሷ አጠበቀች።

መያዣውን ጣውላው ላይ አሰርን። መጀመሪያ ጅማዋ ተንጠለጠለች። ቀጥሎ እኔ። ክብደቴን አልናገርም፤ የሰፈሩ ሚኒባስ ሾፌሮች ያውቁታል። ከዚያ ሁለታችንም አንድ ላይ ጎተትነው። ጣውላው «ቂ» አለ። ከጣውላው ሥር ትንሽ ነጭ ዱቄት ብን ብሎ ወረደ፤ ከዚያ ምንም። እንደገና ጎተትን። ምንም። በወዲያ በኩል ጎረቤታችን «ያ አላህ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ሲል ይሰማል።

አልጋውን መልሰን ጓደኛዬን ጫፉ ላይ አስቀመጥናት። መያዣውን ያዘችው። እኔ እጄን ዘርግቼ ከብብቷ ሥር ቆምኩ።

«እጅሽን ሰብስቢ።»

«ድንገት ከሆነ ብዬ ነው።»

«እጅሽን ሰብስቢ አልኩሽ። ዞር በይ።»

«አብሽሪ፣ አልነካሽም፤ ዝም ብዬ ነው የምቆመው።»

«እኮ ዝም ብለሽ ራቅ ብለሽ ቁሚ።»

ራቅኩ። ተሳበች። የክንዷ ጅማት እንደ ገመድ ወጣ፣ ግንባሯን ላብ ወረረው፤ ጣውላው አንዴ «ቂ» አለና ዝም አለ። እኔ ግድግዳውን በዓይኔ ደግፌ ይዤዋለሁ። ከአልጋው ላይ ተላቀቀች፣ ጎበጥ አለች፣ ቀና አለች፣ ቆመች። ከኔ ትረዝም ነበር ለካ፤ ረስቼው ነበር። ማንም ሳያቀብላት ጎንበስ ብላ ክራንቹን ወሰደች። ካካ፣ ካካ እያለች ወደ ጥጉ ሄደች፣ ገባች፤ በሩን ዘጋችው።

ከወደቀች ጀምሮ ያንን በር ዘግታው አታውቅም፤ ሁልጊዜ አንዳችን ይዘናት ነበርና። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጠፋኝ። ሄጄ በሩ ጋ ቆምኩ። ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲያውም አሁን ነው የባሰበት። አንዲት ሴት በገዛ እግሯ ሽንት ቤት እንድትሄድ የሌለች ማዳም፣ የሌለ ኢንጂነር፣ የሌለ ቴሌቪዥን መፍጠር ነበረብን። በእውነት ያለችው ጓደኛዬ ብቻ ነበረች፤ እሷን ደግሞ ማንም አልጠየቀም። ይሄን ለጅማዋ ጮክ ብዬ መናገር ስጀምር ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«አንቺ! እዚያ በሩ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምንም። ብትወድቂ ብዬ...»

«አልወድቅም። ሂጂ።»

«እዚሁ ነኝ፣ አልሰማም።»

«ሂጂ አልኩሽ! ሁለታችሁም! ደጅ ውጡ፣ ያላ!»

ጅማዋ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። ደረጃው ላይ ወጥተን በሩን ከኋላችን ዘጋነው፤ እስክትጠራን ድረስም እዚያው ቁጭ አልን።